ጎማ ያወጣው ጠረጴዛ፦ ከእንጦጦ ጫካ እስከ ቀበና ጓሮ

 

ከጥቂት ቀናት በፊት ጓሮዬ ውስጥ የሠራሁትን ባለ ጎማ የመገጣጠሚያ ጠረጴዛ ፎቶ ለጥፌ ነበር። አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ነገሩ ያምራል፤ ግን የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ እኮ ጠረጴዛ የማናውቅ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለን የምንጠርብ ሰዎች ነን» ብሎ ጻፈልኝ። ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ከአናጺዎች አፍ ጭምር። አናጺ ስለ ገዛ ሙያው እንዲህ ሲል መስማት ደግሞ ያማል።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጠረጴዛ ነው። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የምለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ በአገራችን የእንጨት ሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ጥያቄ «እንጨቱና ሠራተኛው የት ይገናኙ?» የሚለው ነው። አንዳንድ ዘመን ሠራተኛው ወደ እንጨቱ ሄደ። አንዳንድ ዘመን እንጨቱ ወደ ሠራተኛው መጣ። ዛሬ ደግሞ ሁለቱም የሚቆሙበት ቦታ እያጡ ነው። ይህን ለማየት ከቀበና የተሻለ ሰፈር የለም። ሽቅብ ስታዩ እንጦጦ ነው፤ ቁልቁል ስታዩ ወንዙ ነው፤ መሀል ላይ የእኛ ጓሮ አለ።

1. ቃሎቹ ምን ይላሉ?

«ጠረጴዛ» መነሻው የግሪክ «ትራፔዛ» ነው። ባለ አራት እግር እንደ ማለት ነው። ግሪኮች ዛሬም ባንክን በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ድሮ ገንዘብ መንዛሪው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበርና። ታዲያ ይህ ቃል ወደ እኛ የመጣው ትናንት ፒያሳ ሱቅ ከከፈተ የግሪክ ነጋዴ ጋር አይደለም። በግእዝ ውስጥ ያለ የቆየ ቃል ነው። ጣልያን ወደዚህ አገር ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ጠረጴዛን በስሙ እንጠራው ነበር። «ጠረጴዛ የማናውቅ» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ አንድ እንጨት ቤት ግቡና ዕቃዎቹን በስማቸው ጥሩ። መጥረቢያ፣ ምሳር፣ መሮ፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ መላጊያ። ከመጥረብ መጥረቢያ፣ ከመላግ መላጊያ፤ ቃሉ ሥራውን ይናገራል። ቀጥላችሁ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ስኳድራ፣ ኮላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፐንሳቶ በሉ። እነዚህ በሙሉ ጣልያንኛ ናቸው። «ጣውላ» ራሱ ሥሩ ከጣልያኑ «ታቮላ» ጋር አንድ ነው። ታቮላ ደግሞ ጠረጴዛ ማለት ነው! እነሱ የሚበሉበትን እኛ ለምንሰነጥቀው ሳንቃ ሰጠነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሚቆርጠው፣ የሚጠርበው፣ የሚበሳው መሣሪያ በአብዛኛው በራሳችን ቃል ነው የሚጠራው። እንጨቱን ጨምድዶ የሚይዘውና የሚያጣብቀው ግን የውሰት ስም አለው። ለምን ይመስላችኋል?

ብረት ሠሪው ቤት ስትሄዱ መልሱ ይገኛል። እዚያ መያዣው «ጉጠት» ነው፤ የራሳችን ቃል። የጋለ ብረት በእጅ አይያዝማ! እንጨት ግን ይያዛል። በእጅ፣ በጉልበት፣ በእግር ጣት፣ ከመሬት ጋር አጣብቆ ይያዛል። የአናጺው ሞርሳ የገዛ አካሉ ነበር፤ የሥራ ጠረጴዛው ደግሞ መሬት። ይህን ድህነት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ሰውየው ለምን ከባድ ጠረጴዛ ተሸክሞ እንደማይዞር አልጠየቀም ማለት ነው።

2. ከተማው ራሱ ይንቀሳቀስ ነበር

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ «የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ማን ነበር?» ብዬ ስጠይቅ «የቱ ዘመን?» ብሎ የሚመልስልኝን ተማሪ እወድ ነበር። አክሱምን፣ ሮሃን፣ ጎንደርን እናውቃለን። በመሀላቸው ግን የነገሥታቱ መቀመጫ ድንኳን የሆነበት ረጅም ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ከተማ ሲገልጽ የሚነግረን ስለ ድንኳን ነው። ንጉሡ በድንኳን፣ መኳንንቱ በድንኳን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር በድንኳን። ሰፈሩ ሲነቀል ሁሉም በሥርዓቱ ይነቀላል፤ ሲተከልም ሁሉም የየራሱን ቦታ ያውቃል።

ለምን ይንቀሳቀሱ ነበር? ግብር ለመብላት፣ ለመዋጋት፣ አገር ለማስተዳደር። ሌላው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እንጨት ነው። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ቦታ ሲሰፍር ለማገዶም ለጎጆም ዙሪያውን ይጨርሳል። ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለ የጂኦግራፊ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለነዚህ ተንከራታች ዋና ከተሞች አንድ ጥናት አሳትሟል። እኔም ለተማሪዎቼ በቀላሉ «ከተማው የሚሄደው ጫካው ሲያልቅ ነው» እል ነበር።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር አናጺ ምን ዓይነት ዕቃ ይሠራል? የሚታጠፍ፣ የሚፈታ፣ አጋሰስ ላይ የሚጫን። አትሮንስን ተመልከቱ። መጽሐፉ ሲዘጋ ታጥፎ ግድግዳ ይደገፋል። የጠፍር አልጋን ተመልከቱ። አራት እግር፣ አራት ወራጅ፣ ወንዴና ሴቴ ሆኖ የሚሰካ መጋጠሚያ፤ ቀሪው ጠፍር ነው። ያለ አንዲት ምስማር ይገጠማል፣ ይፈታል፣ ይጫናል።

በድሮ ዘመን ትልቅ ሥራ አልተሠራም ያለ ሰው ካለ ይምርሐነ ክርስቶስን ይይ። ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ሥር፣ ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ዳሞ ላይም የተቀረጸ የእንጨት ጣሪያ አለ። እነዚያን ወራጆች ያጋጠሙ ሰዎች ልክ፣ ማዕዘንና ጥምዝ ያውቁ ነበር። ያልነበራቸው ነገር እንጨት ቤት ውስጥ ተቸንክሮ የሚቀመጥ ጠረጴዛ ነው። የሚቸነክሩበት ቋሚ ቦታ ሳይኖራቸው ምን ያደርግላቸዋል?

አንድ ሌላ ዕቃ ልጨምር፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የጅማ በርጩማ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ሦስት እግር አለው። ለምን ሦስት? ሦስት እግር ያለው ነገር የትም ብታስቀምጡት አይንገዳገድም። መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ሦስቱም እግሮች መሬት ይነካሉ። አራት እግር ያለው ግን ወለሉ ልክ ካልሆነ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። የግሪኩ «ባለ አራት እግር» የተነጠፈ ወለል ይፈልጋል፤ በርጩማ ግን ወለል አይመርጥም።

3. እንጦጦ፦ ጉዞው የቆመበት ጋራ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ ሳሉ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ጋራ አመጡ። ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም እዚያው፣ እንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ጋራው ለጦር ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ብርድና ንፋስ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩና የሰዉ ልብ ወደ ታች ወረደ። አዲስ አበባ ተወለደች።

ግን የድሮው ችግር ተከትሎ ወረደ። የእንጦጦ ጽድ ለቤትም ለማገዶም ተቆርጦ ተመናመነ። ሰው ማገዶ ፍለጋ እየራቀ ሄደ። ስለዚህ ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት አሰቡ፤ እንነቀል! በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ ዓለምን መገንባት ጀመሩ። ስሟን አስተውሉ፤ አዲስ ዓለም። ቤተ መንግሥቱም ተሠራ። አዲስ አበባ ልክ እንደ ድንኳኖቹ ከተማዎች ታጥፋ ልትጫን ነበር።

አልተጫነችም። በአዲስ ዓለም የተሠራው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማውም እዚሁ ቀረ። ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ግድም የገባ ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ። ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋን ከበባት። እንግዲህ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ጫካው ከተማውን ተከትሎ የመጣበት ጊዜ ይህ ነው። እንጨቱ ወደ ሰዉ መጣ።

በዚህ ቀበና ባለውለታም ተጎጂም ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በእኛ በኩል ያልፋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው እንጨትም በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ያንን እንጨት ለብዙ አሥርት ዓመታት ያወረዱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጀርባቸው ጎብጦ፣ ከራሳቸው የሚረዝም ጭራሮና ቅጠል ታዝለው፣ በሌሊት ወጥተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የቀበና ልጅ የለም። የከተማው ምጣድ የጋለው በእነሱ ጀርባ ነው። ስለ ባሕር ዛፍ ሲወራ የፈረንጁ ስም ይነሳል፤ የእነዚህ እናቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ለአናጺው ግን ባሕር ዛፍ ግማሽ መልስ ነው። ለአጣና፣ ለምሰሶ፣ ለጭቃ ቤት ወደር የለውም። ለጠረጴዛ ገበታ ግን አስቸጋሪ ነው። ዛፉ ቁሞ ሳለ ውስጡ ውጥረት አለበት። ስትሰነጥቁት ያ ውጥረት ይፈታና ሳንቃው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የጠረጴዛ እንጨት ዋንዛ ነው፣ ዝግባ ነው፣ ጽድ ነው። እነሱ ደግሞ ከከተማው እየራቁ ሄዱ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። መከልከሉ ተገቢ ነበር። ለእንጨት ቤቱ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አያቶቻችን የተጠቀሙበትን ሳንቃ እኛ እንደ ልብ አናገኘውም።

4. እጁ ተፈልጎ ስሙ የተጠላ ሰው

ስለ ዕቃው ይህን ካልን ስለ ሰውየውም እንበል።

በጉራጌ አገር የቤቱን ምሰሶ የሚጠርቡትና የሚተክሉት ባለሙያዎች ናቸው። ምሰሶ የቤቱ ልብ ነው፤ እሱ ካልቆመ ቤት የለም። እነዚያን ሰዎች ግን ኅብረተሰቡ «ፉጋ» ብሎ ለይቶ፣ በጋብቻም በመሬትም አርቆ ያኖራቸው ነበር። የተከበረውን ምሰሶ የሚያቆመው እጅ ራሱ አልተከበረም። ይህ የአንድ ብሔረሰብ ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜኑም ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ስትባል ኖራለች።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር፤ እንዲህ እየሰደባችሁ ባለሙያ ልታጠፉብኝ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ዐዋጁን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይወዱታል። እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አስከትዬ እጠይቃቸው ነበር፦ ስድቡ በዐዋጅ የተከለከለው ስለምን ነው? በሰፊው ይሰደብ ስለነበረ!

በዚያው ዘመን ከተማዋን ለመገንባት ባለሙያ ከውጭ ይመጣ ነበር። ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ሲደርስ ሁለት ያገሩን የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ ነው። ቀጥሎ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች መጡ። ዛሬ በአሮጌው አዲስ አበባ የምናደንቃቸው የእንጨት በረንዳዎችና ደረጃዎች የእነሱ እጅ አለባቸው፤ አብረዋቸው የሠሩ ስማቸው ያልተጻፈ ያገር ልጆች እጅም አለባቸው። የሥራ ጠረጴዛው፣ ማለትም ሞርሳ ያለበት፣ ከባድ፣ አንድ ቦታ የሚቆም ጠረጴዛ፣ ሥር የሰደደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ከተማዋ ቆመች፤ ጠረጴዛውም ቆመ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣልያን ወረራና ከዚያ በኋላ እዚሁ የቀሩት ጣልያኖች ያቋቋሟቸው ጋራዦችና እንጨት ቤቶች ደግሞ እነ ሞርሳን፣ እነ ካቻቪቴን በአፋችን ተከሉ።

በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ ተከፈተ። ስሙ ደስ ይላል፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። በስድብ ይጠራ የነበረው ነገር የትምህርት ቤት ስም ሆነ። ከተግባረ እድና ከሌሎች የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የወጡ ብዙ ሰዎች አገር ሠርተዋል።

አንድ ክፍተት ግን ነበረ። በትምህርት ቤት ተማሪው የሚማረው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ በከባድ ቋሚ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲመረቅ ሙያውን ይዞ ይወጣል፤ ጠረጴዛውና አዳራሹ እዚያው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ክፍል ቤትና የጋራ ግቢ ነው።

5. መሬቱ ጠበበ

ቀበናን በካሬ ሜትር እንያት። በምኒልክ ዘመን ለፈረንሳይ ለጋሲዮን የተሰጠው ግቢ ከ40 ሄክታር በላይ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መሳፍንቱና መኳንንቱም ሰፋፊ ግቢ ነበራቸው፤ ግቢው ውስጥ አናጺም ፈረስም ይኖራል።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ብዙ ተከራይ ከጭሰኝነት የወጣበት ነው፤ አልነቅፈውም። ከዚያ በኋላ ግን 500ው ለልጆች ተከፈለ፣ ሰርቪስ ተሠራበት፣ ተከራየ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ። ኮንዶሚኒየም ቤት ነው፤ ጓሮ ግን የለውም።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው። ከዚያ ወዲህ በቀበናም በሌላውም ሰፈር ብዙ ነገር ተለውጧል። ወንዙ መጽዳቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ወንዝ ዳር በቆርቆሮ ተጋርደው የነበሩት ትንንሽ እንጨት ቤቶች፣ ቁም ሳጥንና አልጋ በየመንገዱ ዳር እየገጠሙ ይሸጡ የነበሩ ልጆች፣ ዛሬ ብዙዎቹ እዚያ የሉም። አንዳንዱ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። አንዳንዱ ሙያውን ተወው። አንዳንዱ ደግሞ ዕቃውን ሰብስቦ ቤተሰቡ ግቢ ገባና «የት ላስቀምጠው?» ብሎ ቆመ።

ለእኔ የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። መጋዝና መሮ በጆንያ ይዞ መሄድ ይቻላል። ቋሚ ጠረጴዛ ግን አይከተልህም። ጠረጴዛ የሌለው አናጺ ደግሞ ጠጋኝ ይሆናል እንጂ ቁም ሳጥን አይገጥምም። ቦታ ያጣ ልጅ ከሙያው እንዳይለይ፣ ቀን ወጥቶ ማታ የሚገባ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል። ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው? የአትሮንሱና የጠፍር አልጋው ልጅ ነው እንጂ!

6. እንግዲህ ጠረጴዛው

ብዙዎቻችሁ «እንዴት ተሠራ?» ብላችኋል፤ እነሆ።

መጀመሪያ ሁለቱን ለዩ። መጥረቢያና መላጊያ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ከባድና የማይነቃነቅ መሆን አለበት። መገጣጠሚያ ጠረጴዛ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ተቆርጠው ያለቁ ክፍሎች ኮላ ተቀብተው የሚጋጠሙበት ነው። ከክብደት ይልቅ የሚፈለግበት ልክነት ነው። ጠረጴዛው ከተጣመመ ቁም ሳጥኑም ተጣሞ ይገጠማል። ኮላ የሚደርቀው ነገሩን እንዳገኘው ነው፤ ከደረቀ በኋላ ይቅርታ አያውቅም።

ገበታው። አንድ ኮምፐንሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። በርዝመቱ 81፣ 81 ሴንቲ እያላችሁ ብትቆርጡት ሦስት እኩል ቁራጭ ይሰጣችኋል። አንዱ የላይ ገበታ፣ አንዱ የሥር ገበታ፣ ሦስተኛው ከታች የዕቃ መደርደሪያ። በሁለቱ ገበታዎች መሀል 8 ሴንቲ ቁመት ያላቸውን ቀጥ ያሉ ቁራጮች እንደ ማር እንጀራ በካሬ በካሬ ደርድራችሁ ከላይም ከታችም በኮላ አጣብቁ። ውስጡ ባዶ ሳጥን ሆነ ማለት ነው። ከድፍን ሳንቃ ይቀላል፤ በቀላሉም አይጣመምም። አውሮፕላን ክንፍም ውስጡ እንዲሁ ነው፤ ስስ ቆዳና የውስጥ አጥንት።

ስታጣብቁ ግን ከሥር ያለው ነገር ልክ ይሁን። በሁለቱ ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ሲባጎ ወጥሩ። መሀል ላይ ለስለስ አድርገው መነካካት አለባቸው። ከተራራቁ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው፣ ጥምዝ አለ። ከሥሩ ሽብልቅ እየከተታችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ ኮላውን ቀቡ። ሲባጎው አያቶቻችን ቤት ሲሠሩ የሚወጥሩት ያው ሲባጎ ነው።

ቁመቱ። ከወገብ ዝቅ ይበል፤ 75 ሴንቲ ግድም። እላዩ ላይ የሚቆመው ቁም ሳጥን የራሱ ቁመት እንዳለው አትርሱ።

እግሩ። እኔ ባሕር ዛፍ ነው ያደረግሁት፤ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ጥላ ውስጥ የደረቀ። ለገበታ የሚያስቸግረው እንጨት ለአጭርና ወፍራም እግር ጥሩ ነው። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሰፈራችንም ነው።

ጎማው። ሱቅ የሚሸጡት ባለ ፍሬን ትንንሽ ጎማዎች ለሴራሚክ ወለል የተሠሩ ናቸው። በቀበና ግቢ፣ ድንጋይና ቁልቁለት ባለበት፣ ጠጠር ይዟቸው ይቆማሉ፤ ወይም ጠረጴዛው በራሱ ጊዜ ወደ ወንዙ ጉዞ ይጀምራል። የእኔ መላ እንዲህ ነው፦ በአንድ ወገን ባሉት ሁለት እግሮች ላይ ደህና ትልቅ ያላቸውን ሁለት ጎማዎች ከመሬት ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ አሰርኩ። ጠረጴዛው ሲቆም የሚቆመው በእንጨት እግሩ ነው፤ ስለዚህ አይንሸራተትም። ሌላውን ወገን ስታነሱት ግን ጎማዎቹ መሬት ይነኩና እንደ ጋሪ ይገፋል። ለአንድ ሰው አይከብድም።

አሁን ወደ በርጩማው ልመለስ ብዬ ነበር። ሦስቱን እግሮች እንዳሉ ተዉአቸው። በአራተኛው ሥር አንድ ወፍራም ብሎን አስገቡ፤ ሲጠብቅ የሚያጥር፣ ሲላላ የሚረዝም። ጠረጴዛውን የትም አቁሙት፤ ሦስቱ እግሮች እንደ በርጩማ ራሳቸውን ያሳርፋሉ። ከዚያ አራተኛውን በብሎኑ ወደ መሬት አውርዳችሁ ታገናኙታላችሁ። መንገዳገድ አበቃ። የጅማው ጠራቢ ያወቀውን ግሪኩ ባለ አራት እግር ላይ ገጠምነው ማለት ነው።

7. ማጠቃለያ

ይህን ጠረጴዛ ስታዩ የእንጦጦ እግር፣ የጣልያን ስም ያለው ገበታ፣ የግእዝ ስም ያለው ቅርጽ፣ የጅማ ጥበብ ያለው አቋቋም ታያላችሁ። አገራችን እንዲህ ናት፤ የተዋሰችውን በራሷ መሬት ልክ ታስተካክለዋለች። ስለዚህ «እኛ ጠረጴዛ የማናውቅ» የምትሉ ልጆቼ፣ ተዉ። አያቶቻችሁ ሙሉ ከተማ ፈትተው ጭነው ሌላ ቦታ የሚገጥሙ ሰዎች ነበሩ።

እጃችሁ ላይ ሙያ ኖሮ ቦታ ያጣችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ልኩን በወረቀት ሥዬ የምፈልገውን ሰው ለማሳየት ዝግጁ ነኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በአንድ ኮምፐንሳቶ፣ በጥቂት ሞራሌና በሁለት ጎማ የሚጀመር ነገር ነው። ጠዋት ግቢ ውስጥ ይወጣል፤ ማታ አልጋ አጠገብ ይገባል።

አንድ ልመና ግን አለኝ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ አናጺ የነበረ፣ የመሣሪያዎቹንና የመጋጠሚያዎቹን የድሮ ስም ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። በየአገሩ ስሙ ይለያያል፤ ጎጃም ሌላ፣ ጉራጌ ሌላ፣ ወሎ ሌላ። ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ካልጠየቅናቸው ቃሉ አብሯቸው ይሄዳል። እኔ እየሰበሰብኩ በአንድ ደብተር እያሰፈርኩ ነው።

መልካም ሰንበት!